ከሀ ሁ በፊት የወተቷ ደብተር

ከሱሉልታ ወይም ከሰንዳፋ በኩል ጠዋት ጠዋት ወተት የምታስረክብ እናት ቤት ውስጥ አንድ ትንሽ ደብተር አለ፤ ወይ ግድግዳ ላይ በሚስማር ተንጠልጥሏል፣ ወይ ከሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ተረካቢው በየቀኑ የተቀበላትን ሊትር ይጽፍበታል፤ በአሥራ አምስት ቀን ወይም በወር ተደምሮ ይከፈላታል። ደብተሩ የእሷ ነው፣ የሚያነበው ግን ሌላ ሰው። 4.5 ተብሎ መጻፍ ያለበት 4 ተብሎ ቢጻፍ በምን ታውቃለች? ለእናቶች ትምህርት ልንከፍት ነው፣ ከየት እንጀምር ለሚል ሰው ሁሉ መልሴ ይኸው ደብተር ነው። ሀ ሁ ይደርሳል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚከፈቱ ክፍሎች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እናትየዋ ምንም እንደማታውቅ ቆጥረው ስለሚጀምሩ ነው። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ጭራሮና ቅጠል በጀርባዋ ይዛ የምትወርድ ሴት፣ ሸክሙ ስንት እንደሚያወጣ፣ ከዚያ ላይ ለዘይት ስንት ለበርበሬ ስንት እንደሚቀራት መንገድ ላይ ሳለች በልቧ ጨርሳዋለች። ሒሳቡ አላት፤ የጎደላት አጻጻፉ ነው። ይህን የዘነጋ አመቻች፣ ማለት የክፍሉ አስተማሪ፣ ሰሌዳ ላይ 1+1 ጽፎ ይጀምራል፣ እናቶቹም በሁለተኛው ሳምንት ሥራ ይበዛባቸዋል።

ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ክፍለ ጊዜዎች የሚያስፈልገው ዕቃ ሦስት ሳህን፣ የ100 እና የ10 ብር ኖት፣ የአንድ ብር ሳንቲም ነው። እውነተኛው ብር ካልተገኘ በካርቶን የተቆረጠ ይበቃል፤ መጠኑና ቀለሙ ግን ትክክለኛውን ብር ይምሰል፣ ብዙዎቹ ብሩን የሚለዩት በቀለሙ ነውና። ሳህኖቹ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ፤ በግራው መቶ፣ በመሃሉ አሥር፣ በቀኙ አንድ። «ሁለት መቶ አርባ ሦስት» ሲባል እናቲቱ ብሩን በየሳህኑ ታስቀምጥና በእያንዳንዱ ውስጥ ስንት እንዳለ ከሥሩ በጠመኔ ትጽፋለች፦ 243። እዚህ ድረስ ማንም አይቸገርም። ጣጣው «ሦስት መቶ ሰባት» ሲባል ይመጣል። በሰሌዳ ብቻ የተማረች 3007 ትጽፋለች። አልሰነፈችም፤ ጆሮዋ የሰማውን አንድም ሳትጥል ነው የጻፈችው፣ 300 ከዚያ 7። ሳህኑ ፊቷ ሲሆን ግን የመሃሉ ባዶ መሆኑ ይታያታል፤ ከባዶ ሳህን ሥር ዜሮ ይጻፋል። ዜሮ «ምንም ማለት ነው» ብሎ ያስተማረ ሰው «ምንም ከሆነ ታዲያ ለምን ይጻፋል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱም ሳህኑ ነው።

ነጥብ ላይ ሲደረስ ስሙኒና ሽልንግ ይጠቅማሉ። ጠና ያሉት እናቶች ስሙኒ የብር ሩብ፣ ሽልንግ ግማሽ መሆኑን ማንም አያስተምራቸውም፤ 0.25 እና 0.50 እነዚያው ናቸው። ስለዚህ 4.5 ሊትር «አራት ከሽልንግ» ተብሎ እየተሳቀ ይገባል። ቀጥሎ የአሥራ አምስት ቀኑ ድምር አለ። ማባዛት አያስፈልግም፦ የአሥሩ ቀን 45፣ የአምስቱ ቀን የዚያ ግማሽ 22.5፣ ድምሩ 67.5 ሊትር። ሊትሩ 60 ብር ነው ብንል 4,050 ብር። እጥፍ ማድረግና እኩል መካፈል ሁሉም ያውቃሉ፤ በዚህ ዕድሜ የማባዣ ሠንጠረዥ ማስሸምደድ ጊዜ መግደል ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የእናቲቱ ድምርና የተከፈላት ገንዘብ አልገጠመም ማለት ተሰረቀች ማለት አይደለም። ለላሟ መኖ በዱቤ የወሰደችው ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ ተቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ በመለኪያው ውሃ ገብቶበታል ተብሎ የተመለሰ ወተት ይኖራል፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን የከተማው ወተት ጠጪ ስለሚቀንስ ተረካቢው ያልተቀበለባቸው ቀኖች ባዶ ይሆናሉ። ስለዚህ ከሊትሩ ጋር «ተቀናሽ» የሚለው ዓምድ የትኛው እንደሆነ አብሮ ይጠና። ያለዚያ ክፍሉ ለመንደሩ የሚተርፈው ጠብ ነው።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ፤ ከመምህር እጦት ይልቅ ክፍል የሚዘጋው እሱ ነው። ላም ያላት እናት ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ታልባለች፣ ታስረክባለች፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ተመልሳ ጋጣ ትገባለች። እንጨት የምታወርደው ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ከምሳ በኋላ ነው የምትመለሰው። ለሁለቱም ክፍት የሚሆነው ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ያለው ነው፤ ቢሮ ላሉት ሰዎች ይመች ተብሎ ጠዋት 3 ሰዓት የተያዘ ፕሮግራም አልቆለታል። ማታም አይሆንም። በእንጦጦና በየካ ተራራ በኩል ጅቡ ቀልድ አያውቅም፤ ልጅ አዝላ ሩቅ የምትሄድ እናት ሳይመሽ ቤቷ መግባት አለባት።

ቀኑንም ከእነሱ ጋር መቁጠር ይበጃል። ክርስቲያን በሚበዛበት መንደር በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም እርሻና ከባድ ሥራ ስለሚቆም ጠዋቱ ለቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓቱ ለክፍል ይሆናል፤ ማኅበር ወይም ዝክር የደረሳት ብቻ ቀድማ ትናገር። ሙስሊም እናቶች ባሉበት የዓርብ ከሰዓትና የረመዳን ወር ይለቀቃል። የገበያ ቀን በጭራሽ አይነካም። ከመስቀል በኋላ ተጀምሮ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ ሦስት ሳምንት ቆሞ፣ ክረምቱ ጭቃውን ሳያመጣ በግንቦት መጨረሻ የሚዘጋ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢያስተምር በዓልና ለቅሶ ተቀንሶ 30 ሳምንት ያህል፣ 90 ሰዓት ያገኛል። 90 ሰዓት ትንሽ ይመስላል፤ በትክክል ከተያዘ ስሟን ጽፋ፣ ደብተሯን አንብባ፣ ስልክ ደውላ ለምትወጣ እናት ይበቃል። ለቅሶ በወደቀ ጊዜ ክፍል የለም፤ ያን ቀን የከፈተ አመቻች በሚቀጥለው ሳምንት ብቻውን ይቀመጣል።

ክፍሉ ከ20 እስከ 25 ሰው ይያዝ። ሃያ እናት ስትመጣ አሥር አሥራ ሁለት ሕፃን አብሮ ይመጣልና ሕፃናቱ ሳይታሰብባቸው የተጀመረ ትምህርት ልቅሶ እያባበሉ ያልቃል። በር አጠገብ፣ ከእናቶቹ ጆሮ ሳይርቅ፣ ሰሌን ተነጥፎ የምትጠብቃቸው ጠና ያለች ሴት ትኑር፤ ይከፈላት። ለቁጥር የሚያገለግለው ቆርኪና ባቄላ ከሰሌኑ ይራቅ፦ ቆርኪው ጉሮሮ፣ ባቄላው አፍንጫ ያውቃል። የልጆች ዴስክ ለምታጠባ እናት ሆዷን ይጫናታል፤ በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ይሻላል። ሰሌዳው ላይ የሚጻፍ ፊደል ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው።

አንዲት እናት በሦስተኛው ሳምንት «ጭንቅላቴ አልቀበል አለኝ» ካለች ደግሞ ከጭንቅላቷ በፊት ዓይኗ ይታይ። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርቡን ለማየት መቸገር የተለመደ ነው። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ልጇን መጥራት ከጀመረች፣ ምስር ስትለቅም ሰፌዱን ከፊቷ እያራቀች ከሆነ የማንበቢያ መነጽር ያስፈልጋታል። ጤና ጣቢያ እስክትታይ ድረስ +1፣ +2 እና +2.5 የሆኑ ሦስት መነጽሮች በክፍሉ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጡ በተራ ይሞከራሉ። «ሰነፍ» የተባለች ተማሪ በአንድ መነጽር ስትቀየር ማየት በዚህ ሥራ የተለመደ ነው። እርሳሱም እንዲሁ ነው። በሥራ የጠነከረ ጣት እርሳስ ሲይዝ ይጫንና ጫፉ ይሰበራል፤ መጀመሪያ ወፍራም ጠመኔ በሰሌዳ ላይ፣ ከዚያ እርሳስ፣ ደብተሩ ላይም ሁለት ሁለት መስመር እየያዙ።

ፊደል ሲመጣ ወጥመዱ ዜማው ነው። 33ቱን በሰባት በሰባት፣ 231 ሆሄ እንደ መዝሙር የምታወርድ እናት ከገበታው መሃል አንዱ ላይ ጣት ተደርጎ «ይህስ?» ስትባል ከመጀመሪያው ተነስታ ካልቆጠረች አትደርስበትም። የቄስ ትምህርት ቤት መድኃኒቱን ድሮ አግኝቶታል፤ ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ይሰጣል። አ ቡ ጊ ዳ እያለ ሰያፍ ሲሄድ የለመደው ዜማ ይሰበራል፣ ዓይን ብቻውን ይቀራል። ለእናቶች ግን ከሁለቱም የሚቀድም ገበታ አለ፤ ስማቸው። ሃያ ካርድ ላይ ሃያ ስም ይጻፋል። በአልማዝ ውስጥ ያለው ማ በማርታም በማሚቱም እንዳለ ራሳቸው ያገኙታል፣ ከዚያ ከማ ወደ መ ሙ ሚ ይኬዳል። በ፣ ለ፣ መ፣ ነ፣ ተ፣ ረ፣ ሰ፣ አ፣ ከ፣ ወ፣ የ፣ ደ እስኪያዙ ሌላው ይቆይ። ለ እና ሰ፣ ተ እና ቀ በአንድ ቀን አይሰጡ፤ መልካቸው ይማታል። ካዕቡ በቀኝ ወገቡ፣ ሣልሱ በቀኝ እግሩ ላይ ጭረት እንደሚጨምር ያየች ሴት ቡን ካወቀች ሉንና ሱን ሳትማር ትገምታለች። ረ እና ፈ ከዚህ ሕግ ስለሚወጡ ለብቻ ይጠኑ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ መጨረሻ ላይ ይምጡ፤ ስሟ ውስጥ ካለ ግን ስሟ ይቀድማል።

በየትኛው ፊደል ይሁን የሚለው ጥያቄ የዳርቻው ዋና ጉዳይ ነው፣ ብዙዎችም ሳይጠይቁ ያልፉታል። መንገዱን ተሻግሮ በኦሮሚያዋ ሸገር ከተማ ውስጥ ያለ ልጅ ኦሮምኛ በላቲን ሆሄ በሚጻፍበት፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ቁቤ ይማራል፤ የከተማው ልጅ በአማርኛ ፊደል። እናት የምትማረው የልጇን ደብተር ፊደል ነው። ይህን ደንብ ጎረቤቶች ቢነቅፉም አልለቀውም። በአማርኛ ፊደል የሠለጠነች እናት ልጇ በቁቤ ይዞት የመጣውን የቤት ሥራ ካላነበበችው ትምህርቷ ከቤቷ በር ላይ ቆሟል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶ ነበር፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል፤ ያኔ ፊደል ቆጥረው ኋላ የሚያነቡት ነገር ቤታቸው ውስጥ ጠፍቶ የረሱት አያቶች ዛሬም አሉ። ቁቤ ሲመረጥ የሚያስቸግረው አናባቢ ማጠፍ ነው፦ «ለፈ» (lafa) መሬት ነው፤ ሁለቱም አናባቢዎች ተደግመው ሲጻፉና ድምፁ ሲረዝም «ላፋ» (laafaa)፣ ለስላሳ ይሆናል። ይህን በጭብጨባ ማስያዝ ይቻላል፤ ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ ሁለት።

ልጃገረዶቹን ከእናቶቹ ነጥሎ ማሰብ አይሠራም። የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ልጅ የምትቀረው እናቷ እንጨት ስትሄድ ታናሹን የሚይዝ ስለሌለ ነው፣ ወይም ውሃ ወረፋ ላይ ስለሆነች። የእናቶቹ ክፍል የልጅ መጠበቂያ ሰሌን ካለው፣ ያው ሰሌን እንጨት በሚኬድበት ጠዋት ቢዘረጋ ትልቋ ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች፤ ወጪው ያው አንዲት ጠባቂ ነች። አመቻቿ ከትምህርት ቤቱ መምህር ጋር ተስማምታ ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረችውን ልጅ ስም በአራተኛው ቀን ትወስድ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። በጥር የቀረች እንደሆነ ጥያቄው ይለወጣል፣ የሠርግ ወር ነውና። ጋብቻ 18 ዓመት ነው፤ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ዕድሜዋ 13 ወይም ከዚያ በላይ የሆነች ያልደረሰች ልጅን ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እስራት እንደሚያስከትልበት ይናገራል። ይህን ለአባቶች መንገር የሚሻለው በዕድር ስብሰባ ላይ፣ በዕድሩ ዳኛ አፍ ነው፤ በየቤቱ እየዞሩ ሕግ መጥቀስ ማስፈራራት ይሆንና ሠርጉ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ደላላ ለከተማ ቤት ሠራተኛነት የሚወስዳትም ልጅ እንዲሁ በዝምታ ነው የምትጠፋው፤ እናትየው የምትጽፈው የመጀመሪያ ስልክ ቁጥር ልጇ የሄደችበት ቤት ቁጥር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የወር አበባ ሌላው የመቅሪያ ምክንያት ነው። በስፌት የሚሠራው መለወጫ ጨርቅ ርዝመቱ 25፣ ወርዱ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ ከላይ ለስላሳ ጥጥ፣ መሃሉ ሦስት እጥፍ የፎጣ ጨርቅ፣ ከሥር ውሃ የማያስገባ ጨርቅ፣ በግራና ቀኝ በቁልፍ የሚያያዝ ክንፍ። ለአንዲት ልጅ ስድስት ያስፈልጋል። የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። ከሥር ፌስታል የገባበት ሲራመዱ ይንኮሻኮሻል፣ በሁለተኛው እጥበት ይቀደዳል፤ ልጆቹም ድምፁን ስለሚያፍሩበት አያደርጉትም። ስፌቱ በመሃሉ ካለፈ በመርፌው ቀዳዳ ይዘልቃል፤ በዳር በዳር ብቻ ይሰፋ። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፦ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ፣ በሳሙና አጥባ፣ ሰው እንዳያይ ፍራሽ ሥር ትደብቀዋለች። ሳይደርቅ የተደረገ ጨርቅ ማሳከክና ሕመም ያመጣል። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ከላይ ስስ ነጠላ ጣል ማድረግ ይበቃል፤ ግን ግቢው ውስጥ ይህን የምትፈቅደው እናት ናት። ስለዚህ ስፌቱ ለልጆቹ ከመሰጠቱ በፊት ለእናቶቹ ይሰጥ።

ጤናን በተመለከተ ንግግር ከማብዛት ካርድ ማንበብ ይጠቅማል። የክትባት ካርዱ ላይ ሲወለድ፣ በ6ኛ፣ በ10ኛ፣ በ14ኛ ሳምንት፣ በ9ኛና በ15ኛ ወር ያሉት ቀጠሮዎች ለቁጥር ልምምድ ከማንኛውም መጽሐፍ ይሻላሉ። ከዚያ የማንም ትኩረት የማይደርስበት አንድ አደገኛ ነገር አለ፤ መድኃኒትና የታሸገ ምግብ ላይ የሚታተመው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቁጥር ማንበብ የቻለች እናት በ2017 ዓ.ም. «2024» የሚል ቆርቆሮ ወተት ብታነሳ ገና ሰባት ዓመት የቀረው ይመስላታል። ማንበብ መቻሏ ራሱ ያሳስታታል። ከዓመቱ 8 ቀንሱ ይባሉ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ 7 ቢሆንም በ8 መቀነስ ቀኑን ያስቀድመዋል እንጂ አያስረፍደውም። ወሩም አንድ አይደለም፦ 06 የካቲት ሳይሆን ሰኔ አካባቢ ነው። ባዶ የመድኃኒት ፓኮዎችን ሰብስቦ አልፎበታል፣ አላለፈበትም ብሎ መለየት ጥሩ የአንድ ቀን ትምህርት ይወጣዋል።

ስልኩን በተመለከተ አጭር ነው፤ ኮከብ 127 መሰላል ብላ ቴሌብር ከፍታ ቀሪ ሒሳቧን ራሷ ትይ። «ብር ልኬልሻለሁ፣ በስሕተት ነው፣ መልሺልኝ» የሚል መልእክት ሲመጣ ቀሪ ሒሳቧን ሳታይ አትመልስ፤ የሚስጥር ቁጥሯን ለሚደውል ለማንም አትንገር፣ ለአመቻቿም ቢሆን።

ከሁሉ በላይ ክፍል ሲበላሽ ያየሁት በዘይትና በአበል ነው። መጀመሪያ ቀን አምስት ሊትር ዘይት የተሰጠበት ክፍል 60 ሰው ይመዘግባል፤ ዘይቱ ሲቀር የሚዘልቁት 12 ናቸው፣ እነሱም «እናንተ ምን ቀርቶላችሁ ነው» እየተባሉ ያፍራሉ። ደብተር፣ እርሳስና ቡና ይበቃል። ቡናው ግን አይቅር፤ ተራ እየገቡ ያፍሉት፣ ስኳሩን የምትገዛዋ ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ትጻፍ። አመቻቿ የሰፈሩ ልጅ፣ 12ኛን የጨረሰች ብትሆን ከሩቅ ከሚመላለስ ባለ ዲግሪ ትሻላለች፤ ክፍያዋ በወሩ ይድረሳት፣ ሁለት ወር የዘገየ ደመወዝ ክፍሉን በሦስተኛው ወር ይዘጋዋል። የቀረችን እናት ሰው ፊት «ለምን ቀረሽ?» ማለት ሁለተኛ እንዳትመጣ ማድረግ ነው። «እንዴት ዋልሽ እቴ፣ ቦታሽ ይጠብቅሻል» ብሎ ቤቷ ደጃፍ ማለፍ ይበቃል።

በሦስተኛው ወር ፈተና ይኑር፣ ወረቀቱ ግን ከቤታቸው ይምጣ። የራሷንና የልጆቿን ስም ትጽፋለች። ከወረቀት ላይ ባለ አሥር አሃዝ ስልክ ቁጥር ትደውላለች። ከክትባት ካርድ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ታወጣለች። ያላየችውን አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ የተሸመደደውን እንዳትደግም ዓረፍተ ነገሩ በዚያው ቀን ይጻፍ። መጨረሻ ላይ ደብተሯን አምጥታ የአሥራ አምስት ቀኑን ሊትር ትደምራለች፣ ተቀናሹን ታነሳለታለች። ውጤቱ ከተከፈላት ጋር ካልገጠመ አመቻቿ አትፈርድም፤ እናቲቱ ደብተሩን ይዛ፣ የተለየውን ቁጥር በእርሳስ ከብባ፣ ነገ ጠዋት ወተቱን ስታደርስ ተረካቢውን ራሷ ትጠይቀዋለች።